የመሪጌታ ታፈረ ወንበሮች

የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ባለበት ከተማ ሁሉ ቢሮ የሌለው አንድ ባለቢሮ አይታጣም። የቀጠረው የለም፣ ደመወዝ የሚቆርጥለት የለም፤ ግን ከሠራተኛው ቀድሞ በር ላይ ይገኛል፣ ከሠራተኛውም ኋላ ይወጣል። መጽሐፍ አያነብም። የማይወዛወዘውን ጠረጴዛ፣ ፀሐይ የሚገባበትን መስኮትና የሚሠራውን አንድ ሶኬት ግን ከግንበኛው በላይ ያውቃቸዋል። የራሳችሁን ከተማ አስቡ፤ አሁን ፊቱ መጣላችሁ አይደል? እዚያው ጥግ ነው ያለው።

የንፋስ መውጫ ከተማው ሰውዬ ግን ይለያል። ሌላው አንድ ወንበር ይዞ ይውላል፤ የንፋስ መውጫው አራት፣ አንዳንድ ቀን አምስት ይይዝ ነበር። እሳቸውም ክቡር መሪጌታ ታፈረ ናቸው፤ ለፈተና የሚያጠኑት ተማሪዎች ከኋላቸው «ሊቀ ወንበር» የሚሏቸው።

በዚህ ማዕረግ ከኋላቸውም ቢሆን ያልጠራቻቸው ሰርኬ ብቻ ነበረች። ሰርኬ የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ናት፤ ጠራጊም እሷ፣ ቆላፊም እሷ፣ መጽሐፍ መላሽም እሷ። ሁለት ዓመት ሙሉ እኚህን ሰውዬ ልታስወጣ ያልሞከረችው ነገር የለም። አንድ ጊዜ «ወንበር መያዝ በጥብቅ የተከለከለ ነው» የሚል ማስታወቂያ ጽፋ በትክክል ከራሳቸው በላይ ለጠፈች። መሪጌታ ተነሥተው አነበቡት፤ አንድ ጥግ ተጣሞ ስለነበር አቃንተው መልሰው ለጠፉትና ቁጭ አሉ። ከዚያ በኋላ ሰርኬ ተወችው። ምን ታድርግ?

ሥራቸው ማመልከቻ መጻፍ ነው። ሌላው ጸሐፊ ፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ጃንጥላውን ዘርግቶ ይቀመጣል፣ ባለጉዳዩም ከፊቱ ቁጢጥ ብሎ ያስጽፋል። የመሪጌታ ባለጉዳዮች ግን አይመጡም። ዘመኑ ሁለት ሺህ ሁለት ነው፤ ስልክ ገበሬው ቤት ከገባ ገና ሁለት ክረምቱ ነው። ከወገዳ፣ ከእስቴ፣ ዝናብ ሲጥል መኪና ከማይደፍረው ከስማዳ ቆላ ይደውላሉ፤ መሪጌታ ይጽፋሉ፤ ወረቀቱ በሚኒባስ ረዳት እጅ ይሄዳል። ኋላ ኋላ የአዲስ አበባ ሰዎች ቢሮ ሳይገቡ በስልክና በኮምፒውተር መሥራትን እንደ ብርቅ ሲያወሩት ሰርኬ ትስቅ ነበር። እሷ የዚህን ሥራ ሊቅ ጠዋት ጠዋት በር ከፍታ ስታስገባ ኖራለች።

ሰውዬው ለቤቱ የተፈጠሩ ነበሩ ማለት ይቻላል። በድጓ ዜማ ትምህርት ስሙ በገነነው በቤተ ልሔም ደብር የድጓ ተማሪ ነበሩ። ዓመታት ፈጅተው፣ ተመስክሮላቸው ሊወጡ ጥቂት ሲቀራቸው ጉሮሯቸውን ታመሙና ድምፃቸው ሄደ፤ የቀረላቸው ሹክሹክታ ብቻ ነው። ድምፅ የሌለውን የድጓ መምህር የትኛው ደብር ይፈልገዋል? ድምፅ የማይፈለግበት ቤት ደግሞ በከተማው አንድ ብቻ አለ። ስልክ ሲጠራ ጋቢያቸውን ከራሳቸው በላይ ይከናነቡና እዚያ ውስጥ ያወራሉ። ከጋቢው ሥር የሚወጣውን ድምፅ የሰማ ተማሪ ወደ በሩ ጠጋ ብሎ መቀመጥን ይመርጥ ነበር፤ ከአንድ አፍ የሚወጣ አይመስልማ።

ወንበሮቹ ታዲያ ለምንድን ናቸው? መሪጌታ አንድ ሕግ አላቸው፤ «ሰው በሌለበት በሰው ጉዳይ አይጻፍም» ይላሉ። ስለዚህ የደወለውን ሰው ስም በቁራጭ ወረቀት ይጽፉና ወንበር ስበው እዚያ ላይ ያኖሩታል። ወረቀቱ በነፋስ እንዳይበር በአንዱ ላይ መቋሚያ፣ በሌላው ላይ ጭራ፣ በሦስተኛው ላይ የስልክ ቻርጀር ይጭኑበታል። ተማሪ መጥቶ ወንበሩን ሊስብ ሲል ቀና ብለው በዚያ በሌለ ድምፅ፣ «ሰው አለበት» ይላሉ። ሌላ ነገር አይጨምሩም።

አማረ የሚባል የፊዚክስ መምህር ነበር፤ እንዲህ ያለ ነገር ደሙን የሚያፈላው። በፊተኛው ዓመት አንድ የኅዳር ጠዋት መጣና ጭራውን አንሥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ቁጭ አለ። መሪጌታ ቀና ብለው አይተውት ወደ ጽሑፋቸው ተመለሱ። ንፋስ መውጫ በኅዳር ምን እንደምትመስል የቀመሰ ያውቀዋል፤ እስክርቢቶ እንኳ በብብት ካልሞቀ አይጽፍም። አማረ ግን ሁለት ገጽ ሳያነብ ተነሣ፤ ፊቱ አመድ መስሏል። ሰርኬ ምን ነካህ ብላ ስትጠይቀው መጀመሪያ ምንም አለ፤ ቆይቶ ግን ጠጋ ብሎ፣ ወንበሩ ሞቋል አላት። ሰው ከተቀመጠበት አሁን እንደተነሣ ዓይነት ሙቀት ነው አለ። ከጠዋት ጀምሮ ደግሞ ማንም እንዳልተቀመጠበት እሱም እሷም ያውቃሉ። አማረ ከዚያ ወዲያ ቆሞ ያነብ ጀመር።

ይህንንስ ብርድ ያመጣው ቅዠት ነው ብለን እንለፈው። የወገዳውን ሰውዬ ግን ምን እንለዋለን? አንድ ገበሬ በወሰን ክርክር ደወለ፤ ገና «በምሥራቅ» ብሎ ሲጀምር ኔትወርኩ ቁርጥ አለ። መሪጌታ ስልኩን አስቀመጡና ወደ ባዶው ወንበር ዞረው፣ «በምዕራብስ?» አሉ። ጠበቁ። ሰው የሚነግራቸው ያህል ራሳቸውን ነቀነቁ። ጻፉ። ሰርኬ ይህን ሁሉ ከመደርደሪያው ኋላ ቆማ አየች። በሳምንቱ ገበሬው ራሱ መንገድ አቆራርጦ መጣ። ወረቀቱን አንብበውለታል፤ በምዕራብ በኩል አባቱ የተከላት ዋንዛ ተጽፋለች፤ የዋንዛዋን ነገር ለማንም አልተናገርኩም፣ ማን ነገረዎት ይላል። መሪጌታ ገረማቸው፤ ራስህ ነሃ፣ እዚህ ተቀምጠህ አሉት። ሰውዬው ወንበሩን አየ፣ አማተበ፣ ወጣ።

ሰርኬም ቢሆን ከዚያ ቀን በኋላ ደህና አልነበረችም። ማታ ልትጠርግ ወንበሮቹን ስታነሣ «ይቅርታ» ስትል ራሷን ሰማች፤ ለባዶ ወንበር። ሳቀች፤ ሳቋ ግን ክፍሉ ውስጥ ብቻውን ያልሆነ መሰላት፤ ጥርጊያውን ሳትጨርስ ቆልፋ ሄደች።

እንግዲህ የራሷ ጉዳይ የመጣው በዚህ መሐል ነው። ሰርኬ ደሴ የሚባል ወንድም ነበራት፤ ነበራት ልበል አላት ልበል፣ ነገሩ ሁሉ እሱ ነው። ደሴ ከሰባት ዓመት በፊት ሰሊጥ ሊያርም ወደ መተማ ወረደ፤ ለመስቀል እመጣለሁ ብሎ። ሰባት መስቀል አለፈ። ስልክ የለ፣ መልእክት የለ፣ አየሁት የሚል የለ። የአባታቸው መሬት፣ ከወገዳ ወዲያ ያለው ሁለት ጥማድ፣ በእሱ ስም ነው ያለው፤ እሷ ንፋስ መውጫ አግብታ በመውጣቷ። አሁን ቀበሌው መሬት እየመዘገበ ደብተር ሊሰጥ ሆነ፤ ቀንም ቆረጠ። እስከ ጥቅምት ሠላሳ ደሴ ከመጣ መሬቱ የእሱ ነው። ሞቷል ከተባለና ወራሽ ከቀረበ የሰርኬ ነው። ሁለቱም ካልሆነ መሬት ለሌላቸው ወጣቶች ይሰጣል።

ሰው ሁሉ የመከራት አንድ ነገር ነው፤ ሞቷል በይና ውሰጂ። የጎረቤት ሴቶች መከሯት፣ ባሏ መከራት፣ የነፍስ አባቷ እንኳ እህ ብለው ዝም አሉ። ምስክር የሚሆኑ ሦስት ሰዎች በራሳቸው ጊዜ ተገኙላት። እሷም ቆረጠች። ጥቅምት ሃያ ሰባት ቀን ተማሪዎቹ ለምሳ ሲወጡ ጠብቃ ወደ መሪጌታ ጠረጴዛ ሄደችና ወንድሜ ሞቷል ብለው ይጻፉልኝ አለቻቸው።

መሪጌታ እስክርቢቶ አላነሡም። አንድ ወንበር ሳቡና ከፊቷ አደረጉ፤ በቁራጭ ወረቀት «ደሴ» ብለው ጽፈው አኖሩበት። መጀመሪያ እሱ ይስማ አሏት፤ በሰው ላይ ከኋላው አይጻፍም፤ ንገሪውና እሺ ካለሽ እጽፋለሁ። ሰርኬ ልትሳደብ ምንም አልቀራት። ግን ወንበሩን አየችው። ውጪ ጉም ወርዶ መስኮቱን ሸፍኖታል፤ መንገዱም ባጃጁም የሉም፤ የቀረው ዓለም ይህ ክፍል ብቻ ይመስላል።

«ደሴ» አለች፤ ድምፅዋ ለራሷ ባዕድ ሆነባት። «መሬታችን ሊሄድ ነው። ሞተሃል ብዬ ላስጽፍ ነው።»

ወንበሩ ሲጥ አለ።

ደሴ ነገር አልዋጥለት ሲል አይናገርም ነበር። አባታቸው ሲቆጡት እንኳ መልስ አይሰጥም፤ መደቡ ላይ ሆኖ ይቁነጠነጥ ነበር እንጂ። ሰርኬ ያንን ድምፅ ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቀዋለች። ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄደች። መሪጌታ ደግሞ ምንም እንዳልሆነ ሰው ራሳቸውን ነቅንቀው፣ እሺ አላለም አሏት። ያኔ ፍርሃቷ ሁሉ ንዴት ሆነ። አሮጌ ወንበር በብርድ ሲጥ አለ ብላ ርስቷን ልታጣ ነው? እኔ መሬቴን ልነጠቅ እርስዎ ይቀልዳሉ ብላቸው ወጣች። ፍርድ ቤቱ አጠገብ ካለው ኮምፒውተር ቤት ገባች፤ እዚያ የሚሠራው ልጅ ተዘጋጅቶ በተቀመጠ ማመልከቻ ላይ ስሙን ብቻ ቀይሮ አምስት ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ «ከዚህ ዓለም በሞት ስለተለየ» የሚል ወረቀት አትሞ ሰጣት። ጣጣ የለ፣ ወንበር የለ።

ወረቀቱ ሁለት ቀን ቦርሳዋ ውስጥ ከረመ። ቦርሳው ከበደኝ አለች ለባሏ፤ ሳቀባት። በሃያ ዘጠኝ፣ ለነገ መሄጃ ይዛ፣ እንደገና መሪጌታ ፊት ቆመች። ደሴ ያለበት ወንበር እዚያው ነበር፤ ወረቀቱም ከነስሙ። ምን አድርጌዎት ነው እንቢ ያሉኝ አለቻቸው፤ ስትናገር እንባዋ ቀደማት።

መሪጌታ ጋቢያቸውን ከራሳቸው አወረዱና ስለ ራሳቸው ነገሯት፤ በሁለት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ።

የእስቴ ሰው ናቸው፤ በአሥር ዓመታቸው ነው ከእናታቸው ቤት ወጥተው ተማሪ የሆኑት። ተማሪ ቤት ሰው በስሙ አይጠራም፤ በአገሩ ነው፤ የስማዳው፣ የዳሞቱ፣ የላስታው እየተባለ። ቤተ ልሔም ሳሉ «የእስቴው» የሚባሉ ሁለት ነበሩ። በሰባ ሰባቱ ድርቅ አንደኛው በበሽታ ሞተ። አንድ መንገደኛ ተማሪ ወደ እስቴ ወርዶ፣ ቤተ ልሔም የነበረው የእስቴው ሞተ ብሎ ተናገረ። እስቴ ውስጥ ደግሞ ቤተ ልሔም ልጅ ያላቸው እናት ተብለው የሚታወቁት የታፈረ እናት ብቻ ነበሩ። የሌላኛው ወላጆች ቀድመው አልቀዋል፣ የሚጠይቅለትም አልነበረ። ተማሪ ትምህርቱን ሳይጨርስ አገሩ አይገባም፤ ታፈረም ሳያውቁ አሥራ ሦስት ዓመት ተቀመጡ። ድምፃቸው ሄዶ በዘጠና ዓመተ ምሕረት ሲመለሱ እናታቸው አርፈዋል። በፊተኛው ዓመት በተደረገው የመሬት ድልድል ድርሻቸው ለወንድማቸው ሆኗል። ቀበሌ ሄደው ታፈረ እኔ ነኝ አሉ፤ በዚያ ሹክሹክታ። ጸሐፊው መዝገቡን ገለጠ፤ ታፈረ ሞቷል፣ ሦስት ሰው መስክሯል፣ አንተ ማን ነህ አላቸው። ወንድማቸው አጠገቡ ቆሞ መሬት መሬት ያይ ነበር።

«በወንድሜ አልፈረድኩበትም» አሉ መሪጌታ። «ሞቷል ብሎ ሲያስጽፍ ከፊቱ አልነበርኩም። ወንበር ስቦ አንድ ጊዜ ቢጠይቀኝ ኖሮ አለሁ እለው ነበር።»

ሰርኬ ሁለት ዓመት ሙሉ ጠዋት ጠዋት በር ከፍታ ስታስገባ የኖረችው በመዝገብ የሞተ ሰው ነው። መታወቂያ የላቸውም፤ መታወቂያ ከሌለ የሥራ ፈቃድ የለም፣ ፈቃድ ከሌለ ቢሮ የለም፣ በስማቸው የተከራዩት ቤት እንኳ የለም። በር ላይ ማነህ የማይባልበት የመንግሥት ቤት ይህ ብቻ ሆኖ አገኙት።

«ሁለት ዓመት ስገባ ስወጣ ማነህ ያላልሽኝ አንቺ ነሽ» አሏት።

ሰርኬ ቦርሳዋን ከፈተችና ያንን የታተመ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። መሪጌታ አነበቡት፣ ገለበጡት፣ በጀርባው ላይ አዲስ ረቂቅ ጀመሩ። መመሪያው ውስጥ ሰው ሁሉ የሚዘለው አንድ መስመር አለ አሏት፤ ቅርብ ዘመድ ተጠሪ ሆኖ ከቀረበ ኮሚቴው ይዞታውን በሰውየው ስም ለጊዜው ሊያቆይ ይችላል። ይህን ለምን ያን ቀን አልነገሩኝም ብላ ብትጠይቅ፣ መች አስጨረሽኝ አሏት፤ እውነታቸውን ነው። ከዚያ ወደ ደሴ ወንበር ዞሩና ረቂቁን አንድ በአንድ አነበቡለት፤ ወንድሜ መሞቱን አላውቅም፣ ሞቷል ብዬም አልምልም፣ እስኪመጣ መሬቱን እጠብቅለታለሁ የሚል ነው። ሰርኬ ትንፋሿን ይዛ አዳመጠች። ወንበሩ ሲጥ ሳይል ቀረ። እሺ ብሏል አሉ መሪጌታ፤ በንጹሕ ወረቀትም ገለበጡት።

መጨረሻው መስመር ላይ ሲደርሱ ግን እጃቸው ቆመ። ኮሚቴው በዚያ ዓመት አዲስ ነገር አምጥቷል፤ ከማመልከቻው ግርጌ የጸሐፊው ሙሉ ስምና የመታወቂያ ቁጥር ካልሰፈረ አይቀበልም። ሌላ ጊዜ ይህን መስመር የሚኒባሱ ረዳት በራሱ ስም ይሞላላቸው ነበር። ረዳቱ ያን ቀን ባሕር ዳር ነው። ሰርኬ ነገ ጎሕ ሳይቀድ መነሣት አለባት።

«እኔ የለሁም እኮ» አሉ መሪጌታ፤ እያሾፉም አልነበረም።

ሰርኬ ወደ ጠረጴዛዋ ሄደች። ከታችኛው መሳቢያ ውስጥ ለአንባቢዎች ተብለው የታተሙ ካርዶች ነበሩ፤ አንባቢው ሁሉ ካርድ አያስፈልገኝም ስለሚል ከነላስቲካቸው የተቀመጡ። አንዱን አወጣች። ስም፦ ታፈረ ቀለመወርቅ። ሥራ፦ ጸሐፊ። አድራሻ፦ ንፋስ መውጫ። ቁጥር፦ አንድ። ክቡን ማኅተም ሁለት ጊዜ ትንፋሽ ሰጥታ መታችውና አመጣችላቸው።

መሪጌታ ካርዱን ወደ መስኮቱ ይዘው አዩት።

«ሰርኬ ልጄ፣ ይህ ማኅተም የመንግሥት ነው?»

«የመንግሥት ነው፣ መሪጌታ።»

ቁጥሩን ጻፉ። አንድ ቁጥር ለመጻፍ ያን ያህል ጊዜ የፈጀ ሰው ሰርኬ አይታ አታውቅም።

በማግሥቱ ቀበሌው ግቢ ሕዝብ ተሰብስቦ ማመልከቻዎቹ ጮክ ተብለው ይነበቡ ነበር። የሰርኬ ሲነበብ ጉርምርምታ ሆነ፤ ሞቷል ይላል ብለው የጠበቁ ሁሉ ተያዩ። ኮሚቴው ተመካክሮ መሬቱ በደሴ ስም ሁለት ዓመት እንዲቆይ፣ ሰርኬም ተጠሪ እንድትሆን ወሰነ። ደሴ በዚያ ዓመት አልመጣም፤ ስሙ ግን ከደብተሩ አልወጣም። ማመልከቻውን ያነበበው ሰው ወረቀቱን ሊያጥፍ ሲል የግርጌውን መስመር አየና እሱንም አነበበው፤ ጸሐፊ ታፈረ ቀለመወርቅ፣ መታወቂያ ቁጥር አንድ።

ከኋላ አንድ ሽማግሌ ተነሡ። አቶ ካሴ ይባላሉ፤ ልጃቸው ዘንድ የሚኖሩ የእስቴ ሰው ናቸው። የማን ልጅ ታፈረ አሉ። ስሙ ተደገመላቸው።

«እንዴት ይሆናል?» አሉ። «እኔ ተዝካሩን በልቻለሁ።»

አንዱ ሳቀ፤ ሌላው ግን አልተከተለውም። ሴቶቹ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ወሰዱ። ሊቀ መንበሩ ወደ ሰርኬ ዞሮ ይህን ሰው በዓይንሽ አይተሽዋል ወይ አላት። ትናንት ከእኔ ጋር ነበሩ አለች፤ የሚያያቸው ካለ ንፋስ መውጫ ይምጣ፣ ከጠዋት እስከ ማታ አይጠፉም። አቶ ካሴ በሰው ተደግፈው ተቀመጡ።

ሰርኬ በማግሥቱ ስትመለስ መሪጌታ ስለ መሬቱ አልጠየቋትም። ስሜን አነበቡት ወይ አሉ። አነበቡት አለች። ሰው ሁሉ እየሰማ? ሰው ሁሉ እየሰማ። ከዚያ ስለ አቶ ካሴ ነገረቻቸው፤ እንዳይከፋቸው ልታሳጥረው ፈልጋ ነበር፣ እሳቸው ግን አንድ በአንድ አስደገሟት።

«ስለ ተዝካሩ ምን አሉ?»

«ትልቅ ድግስ ነበር አሉ። እናትዎ በሬ አርደው ነበር አሉ።»

የመሪጌታ ስልክ ጠራ፣ ጠራ፣ ቆመ።

«ያላት አንድ በሬ ነበር» አሉ።

ሰርኬ የመዝጊያው ሰዓት ሲደርስ ተማሪዎቹን በእጇ ምልክት እያሳየች አስወጣች፤ በሩን ገርበብ አድርጋ እሳቸው እስኪነሡ ድረስ ውጪ ብርዱ ላይ ተቀምጣ ጠበቀች።